ከጡት ናሙና መውሰድና ውጤቱን መጠበቅ

ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ሁለት ነገር ያስፈራታል። አንደኛው የሐኪሙ መርፌ ነው። ሁለተኛው ከመርፌው በኋላ ውጤት እስኪመጣ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ ሁለቱም እንነጋገር።

በመጀመሪያ መርፌውን እንውሰድ። በገጠርም በከተማም «እብጠትን ብረት ከነካው ይሰራጫል» ሲባል እንሰማለን። ይኸን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለንም። ስንት እናቶች በዚሁ ምክንያት መርፌ ሸሽተው እቤታቸው ቀርተዋል።

ወሬው ከምን መጣ? ብዙ ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው እብጠቱ ካደገና ቆዳው ከቆሰለ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ በሽታው ወደ ብብት፣ አልፎም ወደ ሳንባና ወደ አጥንት ደርሶ ይሆናል። ሐኪሙ በመርፌ ናሙና ይወስዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሴትዮዋ ትሞታለች። እብጠቱ ስንት ጊዜ እንደቆየ ጎረቤት አያውቅም። ያየው መርፌውን ነው። ስለዚህ «ብረት ነክቷት ሞተች» ይላል።

እስቲ የገበያ እህል እናስብ። ነጋዴ በቆሎ ሲገዛ ጆንያውን ሁሉ ዘርግፎ አያይም። ሹል ብረት ወደ ጆንያው ሰደድ ያደርግና ከመካከሉ ጥቂት ፍሬ ያወጣል። ፍሬውን መዳፉ ላይ አድርጎ ያያል። ነቀዝ ካለበት ወዲያው ያውቃል። ታዲያ ነቀዙን ያመጣው ብረቱ ነው ወይ? አይደለም። ነቀዙ ቀድሞም ከጆንያው ውስጥ ነበር። ብረቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ማሳወቅ ነው።

የጡት ናሙናም እንደዚሁ ነው። ሐኪሞች ባዮፕሲ ይሉታል። ከእብጠቱ ውስጥ ጥቂት ሥጋ ወይም ፈሳሽ ተወስዶ ይመረመራል። ይኽ ሥራ በዓለም ላይ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። ሐኪሞችም ተከታትለው አይተውታል። ናሙና የተወሰደላቸው ሴቶች በመርፌው ምክንያት ዕድሜያቸው አላጠረም።

ጡት ላይ የሚወጣ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። አብዛኛው ሌላ ነገር ነው። በልጃገረዶችና በወጣት ሴቶች ጡት ውስጥ ሲነኩት ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ጠጣር እጢ ይወጣል። ውሃ የቋጠረ እብጠት አለ። በምታጠባ እናት ጡት ላይ መግል የቋጠረ እብጠት ይወጣል። ጡት ሲመታም ውስጡ ጠጥሮ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋስም አልፎ አልፎ ጡት ውስጥ ገብቶ ያሳብጣል።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር እንበል። «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል ሰዎች ለሳንባ በሽታም ለካንሰርም ይጠቀሙበታል። ሁለቱ ግን የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። የሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ካንሰር አይተላለፍም። ካንሰር ከያዛት ሴት ጋር አንድ ላይ መብላትም ሆነ መተኛት፣ ልጅ ማሳቀፍም ምንም ጉዳት የለውም።

ካንሰርስ ምንድን ነው? ሰውነታችን በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው። ጤነኛ ሕዋስ በልኩ ይራባል፤ ልኩ ሲደርስ ይቆማል። አንዳንዱ ግን ልኩን ያጣና ዝም ብሎ ይራባል። እምቦጭ በጣና ላይ ያደረገውን ሁላችንም አይተናል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ዳር ጥቂት ጥቂት ሲታይ ብዙ ሰው አልደነገጠም። በኋላ ግን የዓሣ አጥማጁን መንገድ ዘጋ፤ የከብቱን ግጦሽ ሸፈነ። ካንሰርም በትንሹ ይጀምራል። ሲጀምርም ብዙ ጊዜ አያምም። «አላመመኝም፤ ስለዚህ ደህና ነው» ማለት የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ የካንሰር ዓይነቶች የጡት ካንሰር ቀዳሚው ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣ ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ 16 ሺህ ያህል አዲስ ሕመምተኞች ተይዘዋል። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው 50 ያልሞላ፣ ቤትና ልጆች የያዙ ሴቶች ናቸው። ወንዶችንም ይይዛል፤ ግን ጥቂቶችን ነው።

ይኽ በሽታ አዲስ አይደለም። በጣና ታንኳ የምንሠራበት ደንገል በጥንት ዘመን በታችኛው የዓባይ ዳር፣ በግብፅም ይበቅል ነበር። ግብፆች ከደንገል ወረቀት ይሠሩ ነበር። ከ3,600 ዓመት ገደማ በፊት በእንደዚህ ያለ ወረቀት ላይ የተጻፈ የሕክምና ጽሑፍ እስከ ዛሬ አለ። ጽሑፉ ጡት ላይ ስለሚወጣ እብጠት ይናገራል። «ሲነኩት ቀዝቃዛ ነው» ይላል። ቀጥሎም መድኃኒት የለውም ብሎ ያበቃል። የዚያን ዘመን ሐኪም የነበረው እጁና ዓይኑ ብቻ ነው። እጅ ደግሞ ከውጭ ዳብሶ ክፉውን ከደጉ ሁልጊዜ ሊለይ አይችልም። ዛሬም አይችልም። ስለዚህ ውስጡ መታየት አለበት።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከፎገራ የመጣች አንዲት እናት እንውሰድ። ዕድሜዋ 38 ነው እንበል። ሩዝ ስታርም ውላ ገላዋን ስትታጠብ በግራ ጡቷ ላይ ባቄላ የሚያህል ጠጣር ነገር አገኘች። መጀመሪያ ለጤና ኬላዋ ሠራተኛ ነገረች። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። ጤና ጣቢያው ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ጻፈላት። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የሚባሉ ሁለት ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች አሉ። ከሐይቁ ሰሜን ላሉት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይቀርባል።

የሪፈሩን ወረቀት እንደ ዋዛ አትዩት። የጤና መድን አባል የሆነ ሰው ወረቀቱን ሳይዝ በቀጥታ ከተማ ቢገባ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። የፎገራ ሰው ይኽን ሳያውቅ አይቀርም። መድኑ በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ፎገራ ነበርና።

ሐኪሙ ሁለቱንም ጡትና ብብቷን በእጁ ይዳብሳል። አልትራሳውንድ በሚባል መሣሪያም ውስጡን ያያል። ይኽ አያምም። ከዚያ ናሙና ይወሰዳል።

ናሙና በሦስት መንገድ ይወሰዳል። የመጀመሪያው በቀጭን መርፌ ነው። መርፌው ለክትባት ከምናውቀው ብዙ አይለይም። ሐኪሙ ወግቶ ጥቂት ፈሳሽ ይስባል፤ ወዲያው ያልቃል። ሁለተኛው ወፈር ባለ መርፌ ነው። ቦታው አስቀድሞ በማደንዘዣ ይደነዝዛል። መርፌው ሥጋውን ቆርጦ ሲያወጣ ቀጭ ይላል። ብዙ ሴቶች የሚደነግጡት በሕመሙ ሳይሆን በዚህ ድምፅ ነው። ደግ ሐኪም አስቀድሞ «እህቴ፣ አሁን ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ፤ አትደንግጪ» ይላል። ካላለም እናንተ ጠይቁት። የሚወጣው ሥጋ እንደ ክር የቀጠነ ነው። ሦስተኛው በትንሽ ቀዶ ሕክምና እብጠቱን ወይም ከፊሉን ማውጣት ነው።

ከናሙናው በኋላ ቦታው ይጠቁራል፤ ለጥቂት ቀን ያማል። ለዚህ ፓራሲታሞል ይበቃል። ቁስሉ ላይ ቅጠል፣ ቅቤ ወይም እበት መቀባት አይገባም። ጡትን በንጹሕ ነጠላ ደገፍ አድርጎ ማሰር ያሳርፋል። ውሃ መቅዳትና ከባድ ሸክም ለጥቂት ቀን ለሌላ ሰው ይተው። ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ቦታው ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ደሙ አልቆም ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ ነው። የምታጠባ እናት ማጥባቷን ለሐኪሙ አስቀድማ ትንገር። አብዛኛውን ጊዜ ማጥባቷን ትቀጥላለች።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። ሐኪሙ «ውጤቱን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነይና ውሰጂ» አላት። ለምን ዛሬ አይነግራትም? «አውቆ ደብቆኝ ነው» የምትል አለች። አይደለም። እሱም ገና አላወቀም።

በቀጭን መርፌ የተወሰደው ፈሳሽ በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ተነክሮ ይታያል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀን ይደርሳል። የሥጋው ናሙና ግን ረጅም መንገድ አለው። መጀመሪያ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን በሚባል መድኃኒት ውስጥ ያድራል። ከዚያ ውሃው በአልኮል ይመጠጣል። ቀጥሎ ሰም ውስጥ ይገባል፤ ሰሙ ሲረጋ ሥጋው ይጠነክራል። በስለታም ማሽን በስስ በስሱ ይቆረጣል። አንዱ ቁራጭ 1 ሚሊ ሜትር 200 ቦታ ቢከፈል አንዱን ያህል ነው፤ ከጠጉር ከ10 ጊዜ በላይ ይቀጥናል። ይኽ ቁራጭ እንደ ድርና ማግ ቀለም ይነከራል። አንዱ ቀለም በመካከለኛው አሜሪካ ከሚበቅል ዛፍ እንጨት የሚወጣ ነው፤ ሐምራዊ ነው። ሌላው ቀይ ዳማ ነው። ያለ ቀለም ሕዋሱ አይለይም። በመጨረሻ ለዚሁ የተማረ ሐኪም በማይክሮስኮፕ ያየዋል። እንዲህ ያሉ ሐኪሞች በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ የሚጠብቃቸው ናሙና ብዙ ነው። ስለዚህ ውጤቱ 2 ሳምንት፣ 3 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል።

በዚህ ጊዜ በሽታው አያድግም ወይ? የጡት ካንሰር የሚያድገው በወራትና በዓመታት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አንዲት ሴት ሐኪም ካየቻት ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ነገሯ ተለይቶ እንዲታወቅ ይላል። እንግዲህ ሁለት ሦስት ሳምንት መጠበቅ ጉዳት የለውም። የሚጎዳው ወሩ በወር ላይ ሲደራረብ፣ ከሦስት ወር ሲያልፍ ነው። ይኽ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ውጤቱን ፈርተው ሳይወስዱ ሲቀሩ ነው።

ፍርሃቱ የዋዛ አይደለም። ቀን በሥራ ይታለፋል። ሌሊት ግን እንቅልፍ ይጠፋል። «ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እንጀራው አልዋጥ ይላል። ይኽ የደካማነት ምልክት አይደለም፤ ማንም ሰው እንዲህ ይሆናል። በጣም የሚከብደው ግን ለብቻ ሲይዙት ነው። ብዙ ሴቶች ለባላቸው እንኳ አይናገሩም። ለአንድ ሰው መንገር ያቀላል፤ ለእህት፣ ለእናት ወይም ለቡና ባልንጀራ። ሥራውንም ጨርሶ አለመተው ይሻላል። አረሙ፣ እንዝርቱ፣ ገበያው ሐሳብ ይከፍላል።

ባሎችም ይኽን እንድታነቡ እንፈልጋለን። ሚስትህ «ቀጠሮ አለኝ» ስትልህ የትራንስፖርቱን ገንዘብ አስቀድመህ አዘጋጅ። የምትችል ከሆነ አብረሃት ሂድ። ባዶ ቤት ትቷት የሚሄድ ባል እንዳለም ሰምተናል፤ ስለ እሱ የምንለው የለንም።

ጠበል የምትሄድ ሴት ትሂድ። ጠበሉ ከሐኪም ቀጠሮ ጋር የሚጣላበት ምክንያት አይታየንም። ሱባኤው ከቀጠሮው ቀን ጋር እንዳይጋጭ ግን አስቀድማ ትቁጠር።

ቀጠሮውን ራሳችሁ ጻፉት። አሁን መጻፍ ታውቃላችሁ። «ኅዳር 22 ቀን፣ የጽዮን ማርያም ማግስት» ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። የካርድ ቁጥሩንና የሆስፒታሉን ስልክም አብራችሁ ጻፉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት መንገድ ብዙ ጊዜ ተዘግቷል። በቀኑ መድረስ ያልቻለች ሴት ውጤቷ ጠፋ ማለት አይደለም። በመዝገብ ይቆያል፤ መንገድ ሲከፈት ትሂድ።

ሌላም ልማድ አለ። ቤተሰብ ውጤቱን ቀድሞ ይሰማና «ለእሷ እንዳትነግሯት፤ ትደነግጣለች» ብሎ ሐኪሙን ይለምናል። ነገሩ ከፍቅር የመጣ ነው። እኛ ግን አንስማማበትም። መርዶ በማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ የሚነገረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ይቺ ሴት በሕይወት አለች። ሕክምናው ወራት ይፈጃል፤ የምትመላለሰውም እሷ ናት። በሽታዋን ያላወቀች ሴት ትንሽ ሲሻላት «ዳንኩ» ብላ ታቋርጣለች።

ውጤቱ ምን ሊል ይችላል? «ናሙናው አልበቃም» ሊል ይችላል። ይኽ ክፉ ዜና አይደለም፤ እንደገና ይወሰዳል ማለት ነው። «ካንሰር አይደለም» ሊል ይችላል። እንዲያም ሆኖ እብጠቱ ካደገ ተመልሶ መታየት ያስፈልጋል። የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋስ ከሆነ ብዙ ጊዜ የ6 ወር መድኃኒት አለው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል። ካንሰር ከሆነ ደግሞ ቀዶ ሕክምና፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት፣ የጨረር ሕክምናም አለ። በሴት ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ ታሞክሲፈን የሚባል ኪኒን እቤት ሆኖ ለዓመታት ይዋጣል። ገና ባቄላ ሲያክል የተገኘና ጡት ውስጥ የቀረ ካንሰር በአብዛኛው ይድናል።

የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማ ለማወቅ ናሙናው ለተጨማሪ ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ሊላክ ይችላል። አንዳንዴ ሥጋው ያለበትን ሰም ለራሷ ለሕመምተኛዋ ይሰጧታል። ሰሙ የክብሪት ቀፎ አያህልም። የውጤቱን ወረቀት ከመሬት ደብተር ጋር በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። ሰሙ ግን ከምድጃና ከፀሐይ ይራቅ፤ ይቀልጣልና።