ጉልበቱ እየደጋገመ ስለሚከዳ ሞተር



«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ለዳኛና ለሽማግሌ ብቻ የተነገረ ይመስለን ይሆናል። ዳሩ ግን ለመኪና ባለቤትና ለመካኒክም እኩል የሚያገለግል ምክር ነው። በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው፥ የአየር መጭመቂያ ያለው መኪና ጉልበቱ ድንገት እየከዳው፥ ጥቂት ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ እየተመለሰለት፥ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ያው ችግር የሚደገምበት ስለ ምን እንደ ሆነና ሥሩ እንዴት እንደሚገኝ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ አንድ ወዳጄ ለብዙ ዓመት ባጠራቀሙት ገንዘብ ያገለገለ፥ ግን መልካም ይዞታ ያለው የቤት መኪና ገዙ። ሞተሩ በቺንጋ የሚዞር የአየር መጭመቂያ አለው። አንድ ቀን ቤተ ሰባቸውን ይዘው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወረዱ፤ ድልድዩን ተሻግረው ወደ ደጀን ሲወጡ ከፊታቸው የሚያዘግም የጭነት መኪና አገኙ። መንገዱ ነጻ መሆኑን አይተው ሊያልፉት ወደ ግራ ወጡ። ከጭነት መኪናው ጎን እኩል በደረሱ ጊዜ የማስጠንቀቂያው መብራት ቦግ አለ፤ የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ቢረግጡትም ሞተሩ አልታዘዝ አለ። በዚያው ቅጽበት ከላይ ከመታጠፊያው ሌላ መኪና ብቅ አለ። የጭነት መኪናው ሾፌር አስተዋይ ሰው ሆኖ ፍሬን ይዞ ባያሳልፋቸው ኖሮ፥ ይህን ታሪክ የሚነግረን ሰው ባልተገኘም ነበር። ወዳጄ ዳር ይዘው ቆሙ፤ ሞተሩን አጥፍተው ቢያስነሡት ጉልበቱ በሙሉ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የሄዱበት ጋራዥ በኮምፒዩተሩ ላይ የተመዘገበውን ምልክት ሰርዞ፥ «መጭመቂያው አርጅቷል» በማለት አስለወጣቸው። ወር ሳይሞላ ችግሩ ተመለሰ። ጋራዡም ምልክቱን ዳግመኛ ሰርዞ፥ አሁን ደግሞ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ አስለወጣቸው። ችግሩ አሁንም ተመለሰ። የሁለቱ ዕቃ ዋጋ የብዙ ወር ደመወዛቸውን በላ። መጨረሻው ምን እንደ ሆነ ወደ ኋላ እንደርስበታለን፤ አስቀድመን ግን የነገሩን ጠባይ እንመርምር።

ሞተር የሚሠራው በቤንዚን ብቻ አይደለም። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ስለዚህ የሞተርን ጉልበት ለመጨመር የፈለገ ሰው ቤንዚን ማብዛት ብቻ አይበቃውም፤ አየሩንም ማብዛት አለበት። ተራ ሞተር ፒስቶኑ በወረደ ቍጥር አየሩን ራሱ ይስባል፤ መጭመቂያ ያለው ሞተር ግን አየሩ ተጨምቆና ተገፍቶ ይገባለታል። በአሜሪካ አገር የሩትስ ወንድማማቾች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1860 ዓ.ም. የአየር መግፊያ መሣሪያ ፈጠራቸውን አስመዘገቡ። ጀርመናዊው ጎትሊብ ዳይምለር በ1885 አየርን አስቀድሞ ጨምቆ ወደ ሞተር የማስገባትን ሐሳብ አስመዘገበ። የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ ደግሞ በ1905 መጭመቂያውን በሞተሩ ጭስ ኃይል ማዞር እንደሚቻል አሳየ። እንግዲህ ዛሬ ሁለት ዓይነት መጭመቂያ አለ ማለት ነው፤ አንደኛው ከሞተሩ ዋና ዘንግ በቺንጋ የሚዞረው ነው፤ ሁለተኛው ቱርቦ የሚባለው፥ በጭስ የሚዞረው ነው። በአንዳንድ የመርሴዲስ መኪናዎች ጀርባ ላይ ተጽፎ የምናየው «ኮምፕረሶር» የሚለው ቃል የመጀመሪያውን ዓይነት ያመለክታል።

እዚህ ላይ በደጋ አገር የምንኖር ሰዎች ለይተን ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ከፍታ ሞተርን እንደሚያደክም፥ መጭመቂያም እንደሚደግፈው ለማረጋገጥ ሳንፎርድ ሞስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1918 ዓ.ም. የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ወደሚገኘው፥ ቁመቱ ከ4,300 ሜትር ወደሚበልጠው የፓይክስ ተራራ ጫፍ አውጥቶ ፈትኗል። በቺንጋ የሚዞረው መጭመቂያ ግን የሚያባዛው ያገኘውን አየር ነው። ለምሳሌ ግፊቱን በአንድ ተኩል የሚያባዛ ቢሆን፥ በባሕር ዳርቻ አንዱን አንድ ተኩል ያደርገዋል፤ በአዲስ አበባ ግን ሦስት አራተኛውን ወደ አንድ ከስምንተኛ ያህል ብቻ ያደርሰዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለው መኪና በደጋ መጠነኛ ድካም ቢያሳይ የመልክዐ ምድር ጉዳይ እንጂ በሽታ አይደለም። መለያውም ቀላል ነው። የከፍታ ድካም ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ነው፤ መብራትም አያበራም። በሽታው ግን በድንገት ይመጣል፤ መብራት ያበራል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሲነሣም ብዙ ጊዜ ይሰወራል።

ለመሆኑ ሞተሩ ጉልበቱን የሚነፍገን ስለ ምንድን ነው? በዛሬ መኪና የነዳጅ መስጫው ከሞተሩ ጋራ በሽቦ ገመድ የተያያዘ አይደለም። እግራችን የሚሰጠው ትእዛዝ በኤሌክትሪክ ወደ ኮምፒዩተሩ ይሄዳል፤ ኮምፒዩተሩም የአየሩን በር እንደ ነገሩ ሁኔታ ይከፍታል። ይህ ኮምፒዩተር የሚያሠጋ ነገር ሲያይ ሆን ብሎ ጉልበቱን ይቀንሳል። የሚቀንሰውም በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ሞተሩን ለማዳን ነው፤ አየሩ ያለ ልክ ሲግል፥ ነዳጁ ሲያንስ፥ ወይም ቃጠሎው ከጊዜው ቀድሞ ሲያንኳኳ ፒስቶን ሊቀልጥ ይችላልና። ሁለተኛው ሰውን ለማዳን ነው። በነዳጅ መስጫው ላይ ሁለት፥ በአየሩ በር ላይም ሁለት ሴንሰሮች አሉ፤ እንደ ሁለት ምስክሮች ናቸው። የምስክሮቹ ቃል ሳይስማማ ሲቀር ኮምፒዩተሩ ማንኛቸውንም አያምንም፤ መኪናው በራሱ ፈቃድ እንዳይፈተለክ በሩን ጥቂት ብቻ ከፍቶ ይተወዋል። እንግዲህ የጉልበቱ መቀነስ ራሱ በሽታው ሳይሆን የበሽታው ጩኸት መሆኑን እናስተውል።

አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያ ሥራ የመካኒኩ ሳይሆን የአንተ ነው። አንዲት አነስተኛ ደብተር በመኪናህ ውስጥ አኑር። ጉልበቱ በከዳህ ጊዜ ሁሉ ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ሞተሩ የሞቀ ወይም ያልሞቀ መሆኑን፥ መንገዱ ዳገት ወይም ሜዳ መሆኑን፥ ነዳጅ የቀዳህበትን ቀን፥ ዝናብ መኖር አለመኖሩን ጻፍ። ሞተሩን አጥፍተህ ስታስነሣው ወዲያው ይሻለው፥ ወይስ መቀዝቀዝ ያስፈልገው እንደ ሆነ በተለይ ጻፍ። እየተመላለሰ የሚመጣ በሽታ መካኒኩ ፊት ሲደርስ ይሸሸጋልና፥ ምስክሩ የአንተ ደብተር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር፥ የተመዘገበው ምልክት ሳይነበብና ሳይጻፍ እንዳይሰረዝ መከልከል ነው። በአሜሪካ ከ1996 ጀምሮ፥ በአውሮፓ ኅብረትም ለቤንዚን መኪናዎች ከ2001 ጀምሮ በሕግ የታዘዘው መመርመሪያ ሶኬት ከመሪው በታች አካባቢ ይገኛል። መሣሪያው ሲሰካበት ምልክቱን ብቻ ሳይሆን፥ ችግሩ በተነሣ ጊዜ የነበረውን ፍጥነትና ሙቀት፥ ሞተሩ የተሸከመውንም ጫና ያሳያል። ለምሳሌ «ፒ 0299» የሚለው ምልክት የተጨመቀው አየር አንሷል ማለት ነው፤ «ፒ 0087» የነዳጁ ግፊት ወርዷል ይላል፤ «ፒ 2135» ደግሞ ከላይ ያልናቸው ሁለት ምስክሮች አልተስማሙም ማለት ነው። ምልክቱ የትኛው ዕቃ ይለወጥ የሚል ፍርድ አይደለም፤ ምርመራው በየት በር እንደሚጀመር የሚነግር አቤቱታ ነው።

ምልክቱ አየር አንሷል የሚል ከሆነ፥ መካኒኩ ከቀላሉ ይጀምር። የአየር ማጣሪያው ታፍኖ እንደ ሆነ፥ ቺንጋው ላልቶ ወይም ዘይት ነክቶት እየተንሸራተተ እንደ ሆነ ይይ። ቀጥሎ የጎማ ቱቦዎችን ይመርምር። ቱቦው ሞተሩ ያለ ሥራ ሲዞር ደኅና መስሎ፥ ግፊት ሲበዛበት ብቻ ስንጥቁ የሚከፈት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ ለማግኘት ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በቱቦዎቹ ውስጥ በዝግታ ጭስ ማስገባት ፍቱን ዘዴ ነው፤ ጭሱ የወጣበት ቦታ አየሩ የሚያመልጥበት ነው። ደግሞም ጉልበት በማይፈለግበት ጊዜ የተጨመቀውን አየር ወደ ኋላ የሚመልስ ቫልቭ አለ። ይህ ቫልቭ ተከፍቶ ከቀረ፥ ጤነኛው መጭመቂያ በከንቱ ይዞራል፤ ሰውም ሳይመረምር «መጭመቂያው ሞቷል» ይላል።

ችግሩ ሲሞቅ ብቻ የሚመጣና ሲቀዘቅዝ የሚሻለው ከሆነ ወደ ማቀዝቀዣው መሄድ ይገባል። አየር ሲጨመቅ እንደሚግል የብስክሌት ጎማ በእጁ የነፋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ በብዙ መኪናዎች ላይ የተጨመቀው አየር ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ይቀዘቅዛል፤ በአንዳንዶቹ የሚያቀዘቅዘው በትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚዞር ውሃ ነው። ፓምፑ ከቆመ በጠዋቱ ጉዞ ምንም አይታወቅም፤ ረዥም ዳገት ላይ ግን አየሩ እየጋለ ኮምፒዩተሩ ጉልበቱን ይቀንሳል።

የነዳጁ ግፊትም መለካት ያለበት መኪናው ቆሞ ሳለ ብቻ አይደለም። የደከመ ፓምፕ ሞተሩ ያለ ጫና ሲዞር የሚበቃውን ነዳጅ ይሰጣል፤ ዳገት ሲመጣ ግን ያንሰዋል። የጭሱ ማጣሪያ ከተደፈነም ሞተሩ ያቃጠለውን ማስወጣት ስለሚሳነው አዲሱ አየር መግቢያ ያጣል። እነዚህን ሁሉ በጫና ላይ ሳሉ መለካት እንጂ በግምት መናገር አይበቃም።

አሁን ወደ ወዳጄ ታሪክ እንመለስ። በመጨረሻ የተገኙት መካኒክ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ገና ካቻቢቴ ሳያነሡ፥ «መቼ መቼ ነው የሚከዳዎ?» ብለው ጠየቁ። ሁልጊዜ ዳገት ላይ፥ ሁልጊዜ ነዳጅ መስጫው በኃይል ሲረገጥ፥ ሞተሩ ጠፍቶ ሲነሣም ወዲያውኑ እንደሚሻለው ተነገራቸው። ሽማግሌው «ወዲያው ከተሻለው የሙቀት ነገር አይደለም» አሉና ምልክቱን አነበቡ። አየር ስለ ማነስ የሚናገር አልነበረም፤ «ፒ 2135» ነበር። ከዚያም ረዳታቸው ፍሬኑን አጥብቆ ይዞ ለአንድ አፍታ ሞተሩን ጫና ቢሰጠው፥ ሞተሩ ከማረፊያው ወደ አንድ ጎን ብድግ አለ። ሞተሩ የሚያርፍባቸው ጎማዎች አልቀው ኖሯል። ብድግ ባለ ጊዜ ወደ አየሩ በር የሚሄዱትን የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ይወጥራቸዋል፤ ከመወጠሩ ብዛትም የአንደኛው ሽቦ ልባስ ተልጦ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። በሜዳ መንገድ ሞተሩ ስለማይነሣ ሽቦው ይነካካል፤ በዳገት ላይ ሲወጠር ይለያያል፤ ምስክሮቹም ይጣላሉ። ሽቦው ተቀጠለ፥ የሞተሩ ማረፊያ ጎማዎች ተለወጡ። የጠቅላላው ሥራ ዋጋ አስቀድሞ በከንቱ ከወጣው ገንዘብ ጋራ የሚወዳደር አልነበረም። ምልክቱ በመጀመሪያው ቀን ሳይሰረዝ ተነቦ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ወጪ ባልደረሰ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ግልጥ ነው። ዕቃ ተለውጦ ችግሩ ከተመለሰ፥ የተለወጠው ዕቃ ምክንያቱ አልነበረም፤ ስለዚህ ሌላ ዕቃ ከመግዛት በፊት «ይህ ዕቃ ለመበላሸቱ ማስረጃው ምንድን ነው?» ብሎ መካኒኩን በትሕትና መጠየቅ መብትም ብልኅነትም ነው። እውነተኛ ባለሙያ ይህ ጥያቄ አያስቀይመውም፤ የለካውን ቍጥር ያሳይሃል።

በመንገድ ላይ ሳለህ ጉልበቱ ቢከዳህ፥ ነዳጅ መስጫውን ደጋግመህ አትርገጥ፤ ምልክት አሳይተህ ዳር ያዝና ቁም። አጥፍተህ ስታስነሣው ተሽሎት ቢታይህ፥ ድኗል ብለህ አትመን፤ እስኪመረመር ድረስ ሌላ መኪና አልፋለሁ ብለህ ወደ ግራ አትውጣ። የዓባይ ዳገት ለሁለተኛ ጊዜ አስተዋይ ሾፌር ያቀርብልሃል ብሎ ዋስ የሚሆንህ ማንም የለም።