መታወቂያና ነዋሪነት በአቃቂ ቃሊቲ

በብዙ አገሮች ሕገ ወጥ ፍልሰትን የሚቃወም እንቅስቃሴ ዐይኑን የሚያሳርፈው በአገር ድንበር ላይ ነው። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጠርዝ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ተመሳሳዩ ክርክር የሚካሄደው በወረዳ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ ነው፤ «ሕገ ወጥ» የሚባለውም የውጭ ዜጋ ሳይሆን የከተማዋ መታወቂያ አይገባውም የተባለ ኢትዮጵያዊ ነው።

የካርዱ መነሻ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ያቋቋማቸው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች ናቸው። ቀበሌዎቹ ለወረዳ ቦታ ከለቀቁ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆንም ሕዝቡ ዛሬም «የቀበሌ መታወቂያ» ይላል፤ ስያሜው ያለ ምክንያት አልቆየም። ምዝገባው የተመሠረተው በግለሰቡ ላይ ሳይሆን በቤት ቁጥርና በቤተሰብ ቅጽ ላይ ነው። ከሌላ አካባቢ የመጣ ሰው ከቀድሞ መኖሪያው መሸኛ ማምጣት፣ በሚኖርበት ቤት ቁጥር መመዝገብም ይኖርበታል። በቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክና በቃሊቲ ፋብሪካዎች ዙሪያ ክፍል ተከራይታ ለምትኖር ሠራተኛ አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። አከራይዋ የቀበሌ ቤት ተከራይ ከሆነ እርሷን ማስመዝገብ ራሱን እንደ ማጋለጥ ይቆጠራል። በዚህም የተነሣ በከተማዋ ለዓመታት ሠርታ በመዝገብ ላይ የሌለች ሰው ትኖራለች፤ በአንጻሩ ከተማዋን ለቅቆ ስሙ በቅጹ ላይ የቀረ ሰው አለ።

ካርዱ የሚያስገኘው ጥቅም ክርክሩን ያከርረዋል። ለጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ለመመዝገብ፣ ከሸማቾች ማኅበር ዘይትና ስኳር ለመግዛት፣ ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስገባት ይጠየቃል። የምርጫ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1162/2011) መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ስለሚያዝ፣ ነዋሪነትን የሚያሳየው ሰነድ የድምፅ በርም ሆኗል።

ጉዳዩ አደባባይ የወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። በየካቲት ወር ከ51 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ በኮዬ ፈጬ ያሉት ቤቶች የተሠሩበት መሬት የኦሮሚያ ነው፣ አርሶ አደሮችም ተፈናቅለውበታል በሚል በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ። በቀጣዩ መጋቢት በእስክንድር ነጋ መሪነት የባልደራስ ባለአደራ ምክር ቤት ተመሠረተ። ከዚህ ወገን ከተሰሙት ክሶች አንዱ የከተማዋ መታወቂያ ነዋሪ ላልሆኑ ሰዎች ይታደላል የሚል ነበር፤ አስተዳደሩ አልተቀበለውም። ሁለቱ ወገኖች በፖለቲካ ተቃራኒ ቢሆኑም ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ይህ ቦታ የማን ነው? ሕገ መንግሥቱም ለሁለቱም ጥቅስ ያቀብላል፤ አንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች ራስን የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን፣ ለኦሮሚያም ልዩ ጥቅም ይሰጣል። በሁለቱም ሰልፍ እምብዛም ያልተጠቀሰው ዜጋው በመረጠው ስፍራ እንዲኖር የሚፈቅደው አንቀጽ 32 ነው።

የማጭበርበር ሥጋት ባዶ ነው ማለት አይቻልም። በወረቀትና በማኅተም የሚሠራ፣ በየወረዳው ተበታትኖ የተያዘ መዝገብ አንድ ሰው ሁለት ካርድ እንዳያወጣ የሚከለክልበት አስተማማኝ መንገድ አልነበረውም። ችግሩ ግን ሐሰተኛውን ካርድ ከእውነተኛው የሚለየው ማስረጃ ሲጠፋ ስምና አነጋገር ማስረጃ መሆናቸው ነው፤ ካርዱ ራሱ ለረጅም ጊዜ የባለቤቱን ብሔር ይመዘግብ እንደነበረም መዘንጋት አይገባም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ መታወቂያ መያዝ ግዴታ ሆኖ አከራዮችም ተከራዮቻቸውን እንዲያስመዘግቡ ታዘዙ፤ ቁጥጥሩም ከወረዳው መስኮት ወደ ቤት ደጅ ተሻገረ።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የጸናው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ በጣት አሻራና በዐይን ብሌን አንድን ሰው ከሌላው ይለያል፤ ብሔርንም አይጠይቅም። ይሁንና የሚያረጋግጠው ሰውየው ማን መሆኑን እንጂ የየትኛው ከተማ ነዋሪ መሆኑን አይደለም። የነዋሪነት ውሳኔ አሁንም የከተማዋ ነው፤ የከተማዋ ወሰን ደግሞ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከኦሮሚያ ጋር በተደረሰ ስምምነት እንደገና ተሰምሯል። ከዚያ ወዲህ በተመሠረተው የሸገር ከተማ ኮዬ ፈጬ የአንድ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ነው፤ ከአቃቂ ቃሊቲ ጋርም ይዋሰናል።