ወርቃማው ዓሣ በደብረ ታቦር

በደብረ ታቦር፣ ሴባስቶፖል ከተሠራባት ከጋፋት አጠገብ፣ ተመድቦ ክፍሉን በወርቃማ ዓሣ ለማስጌጥ ያሰበ ወጣት ሠራተኛ ቢኖር፣ ክቡን ብርጭቆ ይተወው ዘንድ እንመክረዋለን። ይህ ዓሣ የጣና ባርበስ ዘመድ ነው፤ ሲያድግ ስንዝር ይሞላል። ከተማይቱ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ውሃዋ የሚይዘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ብርዱ ጥቂት ይክሳል፤ ዓሣውም ቀዝቃዛ ውሃ ወዳድ ነውና ማሞቂያ አያሻውም።

እንግዲህ ዋናው ነገር የውሃው ፊት መስፋት ነው፤ አየር የሚገባው በዚያ ነውና። ለአንድ ዓሣ 80 ሊትር፣ ማለት አራት ጀሪካን፣ የሚይዝ ረዘም ያለ የመስተዋት ሣጥን ይበቃል። ጠረጴዛው ከ80 ኪሎ በላይ መሸከሙን ግን አስቀድሞ ማየት ነው፤ የመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ሁሉ አይታመንም! ማጣሪያውም ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ አይታጠብ፤ በውስጡ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ካለቁ፣ ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል።