ኦሪጅናል ወይስ ሌላ? የመኪና መለዋወጫ ከመግዛታችን በፊት ማወቅ ያለብን ነገር

በዛሬው ጽሑፋችን መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ ጋራዥ በገባ ቁጥር የሚገጥመውን ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ካየ በኋላ፣ "ኦሪጅናሉን ላስገባልህ ወይስ ሌላውን?" ይላል። የዋጋው ልዩነት አንዳንዴ እጥፍ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ይበልጣል። ኡበር ለሚነዳ፣ ምግብ ለሚያደርስ፣ ሌሊት ሥራ ለሚገባ ወገናችን ይህ የቤት ኪራይ ጉዳይ ነው። ዕቃው ፍሬን ወይም ኤርባግ ከሆነ ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

አብዛኞቻችን ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው አስተሳሰብ ቀላል ነው፦ ኦሪጅናል ጥሩ ነው፣ የቀረው ሁሉ ኮፒ ነው። ይህ አስተሳሰብ በአንድ በኩል ያለ አግባብ ገንዘብ ያስወጣናል፤ በሌላ በኩል ደግሞ መቆጠብ በሌለብን ቦታ እንድንቆጥብ ያደርገናል። እኛ የምንመክረው ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ነገር መጠየቅን ነው። ይህ ዕቃ መንገድ ላይ ቢበላሽ ምን ይደርስብኛል? እንደገና ለማስቀየርስ የእጅ ዋጋው ስንት ነው?

ገበያው ላይ ያለው ምንድን ነው?

አንደኛው በመኪናው አምራች ካርቶን ታሽጎ ዲለር ዘንድ የሚሸጠው ነው። ጄኑይን የምንለው ማለት ነው።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። የመኪና ፋብሪካዎች አብዛኛውን ዕቃ ራሳቸው አይሠሩትም፤ ከሌላ ፋብሪካ ይገዛሉ። ለምሳሌ ዴንሶ እ.ኤ.አ. በ1949 ከቶዮታ ተነጥሎ የወጣ ድርጅት ነው። ለቶዮታ ካንዴላ፣ የኦክስጅን ሴንሰር፣ የኤሲ ኮምፕሬሰርና ሌላም ብዙ ነገር ያቀርባል። አይሲንም የውኃ ፓምፕና ካምቢዮ ይሠራል። በጀርመን መኪኖች በኩል እነ ቦሽ፣ ማህሌና ዜድ ኤፍ አሉ። እነዚህ ፋብሪካዎች ያንኑ ዕቃ በራሳቸው ካርቶን አሽገው በቅናሽ ይሸጡታል። አንዳንዴ እንዲያውም የመኪናው አርማ የተፋቀበት ቦታ ዕቃው ላይ ይታያል። የምትከፍሉት ቅናሽ፣ የምታገኙት ግን ያው ዕቃ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ስሙ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ያ ፋብሪካ ለእናንተ መኪና ያንን ዕቃ ያቀርባል ማለት አይደለም። የዕቃውን ቁጥር ከአሮጌው ጋር አስተያዩ።

ሦስተኛው አፍተርማርኬት የሚባለው ነው፤ ለመኪናው ፋብሪካ አቅርቦ የማያውቅ ድርጅት አስመስሎ የሚሠራው። እዚህ ውስጥ በጣም ጥሩም፣ በጣም መጥፎም አለ። አራተኛው ፎርጅዱ ነው፤ የሌላውን ስምና ካርቶን ሰርቆ የሚሸጠው። አፍተርማርኬት ሕጋዊ ንግድ ነው፣ ፎርጅድ ግን ወንጀል ነው። ሁለቱን አንድ አድርገን "ኮፒ" ማለታችን ነው ብዙውን ግራ መጋባት ያመጣው።

"ዋስትናህ ይሰረዛል" ሲሏችሁ

አሜሪካ ያላችሁ፣ ዲለሩ "የእኛን ዕቃ ካልተጠቀምክ ዋራንቲህ ይቀራል" ቢላችሁ አትደንግጡ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ማግነሰን ሞስ የተባለው የዋስትና ሕግ ይህን ይከለክላል። አምራቹ ዕቃውን በነፃ ካልሰጠ ወይም ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በስተቀር፣ ዋስትናውን በራሱ ዕቃ ላይ ማሰር አይችልም። ጥገናውን አልሸፍንም ለማለት ጉዳቱን ያመጣው ያ ሌላው ዕቃ መሆኑን ማሳየት አለበት። እናንተም የዘይት ቅያሪውን ጨምሮ ደረሰኝ ሁሉ ያዙ።

አውሮፓ ላላችሁም የኅብረቱ ደንብ ቁጥር 461/2010 ተመሳሳይ ጥበቃ ይሰጣል፤ እስከ ግንቦት 2028 ተራዝሟል። ጥራቱ ከኦሪጅናሉ የማያንስ ዕቃ በግል ጋራዥ ማስገባት ብቻውን ዋስትና አያሰርዝም። ገልፍ ያላችሁ ግን ይህ ሕግ ለእናንተም ይሠራል ብላችሁ አትገምቱ። የመኪናችሁን የዋስትና ወረቀት አስነብባችሁ ተረዱት።

የት እንቆጥብ፣ የት አንቆጥብ?

*ኤርባግና የደኅንነት ቀበቶ።* እዚህ ላይ ቁጠባ የለም። ሐምሌ 2024 ላይ ኒትሳ እየተባለ የሚጠራው የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከባድ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። አደጋ ደርሶባቸው በተጠገኑ መኪኖች ውስጥ ርካሽ የኤርባግ ማስነሻ እየተገጠመ፣ ግጭት ሲደርስ ፈንድቶ የብረት ስብርባሪ በሾፌሩ አንገትና ደረት ላይ እየረጨ ሰው ገድሏል። ከእኛ ሰው ብዙው ሳልቬጅ መኪና በቅናሽ ይገዛል። እንዲህ ያለ መኪና ከገዛችሁ፣ የኤርባጉን ነገር የሚያውቅ ባለሙያ ሳያይላችሁ ልጆቻችሁን አትጫኑበት።

ኦሪጅናልም ቢሆን ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። ታካታ ለትልልቆቹ አምራቾች ኦሪጅናል አቅራቢ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚሆን የኤርባግ ማስነሻው እንዲመለስ ተደርጓል። ስለዚህ 17 ሆሄ ያለውን የመኪናችሁን የቪን ቁጥር በኒትሳ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ሪኮል መኖሩን እዩ። ካለ ዲለሩ በነፃ ይቀይርላችኋል።

*ፍሬን።* ስም ያለው ድርጅት የሠራው አፍተርማርኬት የፍሬን ሸራ ይበቃል። የማይታወቀውን ግን ተዉት። አውሮፓ ውስጥ የሚሸጥ ሸራ አር 90 የተባለውን ደንብ ማለፍ አለበት፤ የመያዝ አቅሙ ከኦሪጅናሉ ከ15 በመቶ በላይ መራቅ አይችልም። ምልክቱ በክብ ውስጥ ያለ የላቲን ኢ ፊደልና ከጎኑ 90 አር የሚል ጽሑፍ ነው። ምልክቱ ከሌለ አትግዙ።

*የእጅ ዋጋው ከዕቃው የሚበልጥ።* የውኃ ፓምፕ፣ የታይሚንግ ሰንሰለት፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ። እንበልና ርካሹን ገዝታችሁ 50 ዶላር አተረፋችሁ፤ የመካኒኩ እጅ ግን 500 ዶላር ነው። ዕቃው በስድስት ወር ቢሄድ ያንን 500 ሁለተኛ ትከፍላላችሁ። ሥራ ያልገባችሁበት ቀን ደግሞ ሳይቆጠር ነው። እዚህ ላይ ጄኑይኑን ወይም ለመኪናው ፋብሪካ ያቀረበውን ድርጅት ዕቃ ግዙ።

*ካንዴላና ሴንሰር።* ካርቶኑ ላይ ያለው የዲለር ስም አያስፈልጋችሁም። መኪናው ውስጥ የነበረው ዴንሶ ከሆነ ዴንሶ፣ ኤን ጂ ኬ ከሆነ ኤን ጂ ኬ ግዙ።

*ፊልትሮ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ አምፖል።* ደህና አፍተርማርኬት በቂ ነው። ቆጥቡ።

*ካታሊቲክ ኮንቨርተር።* ፕሪየስ የምትነዱ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ሌቦች ቆርጠው የሚወስዱት እሱ ነው። ካሊፎርኒያ ከሆናችሁ ሌላ የተሠራው የግዛቲቱ የአየር ጥራት ቦርድ ያጸደቀው መሆን አለበት፤ የፈቃድ ቁጥርም ዕቃው ላይ ታትሞ ይገኛል። ያለዚያ የስሞግ ምርመራውን አታልፉም፤ ገንዘባችሁ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ኢንሹራንሱ ሲከፍል

አደጋ ከደረሰ በኋላ ዕቃውን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ኢንሹራንሱ ነው። ፓራፋንጎ፣ ባምፐርና መብራት አፍተርማርኬት ሊያስገባ ይችላል። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ኢሊኖይ ውስጥ ስቴት ፋርም በዚሁ ጉዳይ ተከስሶ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈርዶበት ነበር፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2005 ውሳኔውን ሻረው። ስለዚህ ፍርድ ቤት ያድነናል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ውሉን ስትፈርሙ ጠይቁ። አንዳንድ ኩባንያዎች ትንሽ ጨምራችሁ ኦሪጅናል ዕቃ ብቻ የሚያስገባ አማራጭ ይሸጣሉ። እሱ ከሌላችሁ ደግሞ ቢያንስ ካፓ የሚል ማረጋገጫ ያለው ዕቃ እንዲሆን ጠይቁ። ካፓ ከ1987 ጀምሮ እንዲህ ያሉ የቦዲ ዕቃዎችን እየፈተሸ ማረጋገጫ የሚሰጥ ድርጅት ነው። የጥገና ግምቱ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱ ዕቃ ዓይነት ተጽፏል፤ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት።

ፎርጅዱን እንዴት እንለየው?

ፎርጀሪ የሚበዛው ቶሎ ቶሎ በሚቀየሩ ዕቃዎች ላይ ነው፤ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ። ዋጋው ከሌላው ቦታ ሁሉ በብዙ ካነሰ ጠርጥሩ። የካርቶኑ ጽሑፍ የደበዘዘ ወይም የፊደል ስሕተት ያለበት ከሆነ፣ ካርቶኑና ዕቃው ላይ ያለው ቁጥር ካልተመሳሰለ አትቀበሉ። ኢንተርኔት ላይ ስትገዙ ድረ ገጹ ትልቅ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ሻጩ ማን እንደሆነ እዩ።

ገልፍ ያላችሁ ሱቅ ስትገቡ "ወካላ" ማለት የወኪሉ፣ "ቲጃሪ" ማለት አፍተርማርኬት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ባለሱቁ "አስሊ" ስላለ ብቻ አትመኑ። የወካላ ነው ካለ ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ።

ለአገር ቤት ስንልክ

ብዙዎቻችን ለወንድም ወይም ለአባት መኪና ዕቃ እንልካለን። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አገር ቤት ያሉት መኪኖች ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ይጠበቃል። ሶማሌ ተራ የሚታጣ ዕቃ ከውጭ ላኩልን መባሉም አይቀርም።

ታዲያ በመኪናው ስም ብቻ አትግዙ። አዲስ አበባን የሞላችው ቪትዝ አሜሪካ ውስጥ በዚህ ስም ተሸጣ አታውቅም። እዚህ ኢኮና ያሪስ ተብለው የተሸጡት ዘመዶቿ 1.5 ሊትር ሞተር ሲኖራቸው፣ እዚያ ያሉት ብዙዎቹ ባለ 1.0 ሊትር ናቸው። ከጃፓን ገበያ የወጡ መኪኖች ደግሞ ባለ 17 ሆሄ ቪን የላቸውም፤ እንደ ኤስ ሲ ፒ 10 ባለ ኮድ የሚጀምር የሻንሲ ቁጥር ነው ያላቸው። ስለዚህ የሊብሬውን ፎቶና አሮጌው ዕቃ ላይ የታተመውን ቁጥር አስልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ዕቃ የሚፈለገው። ዱባይ ወይም ሻርጃ ዘመድ ካላችሁ፣ ለእነዚህ መኪኖች የሚሆን ዕቃ ከአሜሪካ ይልቅ እዚያ በቀላሉ ይገኛል።

በአጭሩ፣ መካኒኩ ቀጣዩን ጊዜ "ኦሪጅናሉን ወይስ ሌላውን?" ሲላችሁ፣ "ሌላው ማን የሠራው ነው?" በሉት። መልስ ያለው መካኒክ ጥሩ መካኒክ ነው። የድርጅቱን ስም ሊነግራችሁ ካልፈለገ ዕቃውን ራሳችሁ ገዝታችሁ አምጡ፤ ካልሆነም ሌላ ጋራዥ ሂዱ።