ከፍቺ በኋላ በመድን ፖሊሲ ላይ የቀረ ስም

ፍቺ ማንም የሚመኘው ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ በመካከላችን ትዳራቸው በፍርድ ቤት የፈረሰ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ንብረት ተካፍሎ፣ ልጆች ከማን ጋር እንደሚኖሩ ተወስኖ ሁሉም ነገር ያለቀ ሲመስል ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ወረቀት አለ፤ እርሱም የሕይወት መድን ፖሊሲ ነው።

እንደ አዲ አርቃይ ባለ የወረዳ ከተማ «የእኛ መድን ዕድራችን ነው» የሚል ሰው ይበዛል። ነገር ግን መሥሪያ ቤታችሁ ለሠራተኞቹ የቡድን የሕይወት መድን ገብቶ ወይም ከባንክ ስትበደሩ ፖሊሲ ፈርማችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ «ተጠቃሚ» በሚለው ቦታ ላይ የማንን ስም ጻፋችሁ?

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን የመድን ውል እስከ ዛሬ የሚመራው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ነው፤ የ2013ቱ አዲስ የንግድ ሕግ ይህን ክፍል አልተካውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 827 መሠረት፣ ሟች ተጠቃሚውን ካልወሰነ ወይም ዝም ብሎ «ለወራሾቼ» ካለ የመድኑ ገንዘብ ከውርሱ ጋር ይደባለቃል። ተጠቃሚውን ለይቶ ከወሰነ ግን ገንዘቡ የውርስ ሀብት አይደለም። እንግዲህ ወራሾች የሚካፈሉት ሳይሆን ስሙ የተጻፈለት ሰው የሚጠይቀው ይሆናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። በኑዛዜ ለትዳር ጓደኛ የተሰጠ ስጦታ ትዳሩ በፍቺ ሲፈርስ ይቀራል፤ ሕጉ ይህን በግልጽ ይናገራል። ፖሊሲ ግን ኑዛዜ አይደለም፤ ከመድን ድርጅት ጋር የተገባ ውል ነው። ስለዚህ ፍቺው በራሱ ስሙን ይሰርዘዋል ብላችሁ አትቀመጡ። ደግሞም «ባለቤቴ» ብሎ መጻፍና የሰውን ስም መጻፍ አንድ አይደለም። የንግድ ሕጉ ተጠቃሚ የሚላት ሚስት ፖሊሲው ከተገባ በኋላ ያገባችውንም ይጨምራልና፤ ስም ጠርታችሁ ከጻፋችሁ ግን ያ ስም እስክትለውጡት በወረቀቱ ላይ ይኖራል።

በአሜሪካ የሆነውን ተመልከቱ

በዋሽንግተን ግዛት የሚኖር አንድ የቦይንግ ኩባንያ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1994 ሚስቱን ፈታ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሞተ። በመሥሪያ ቤቱ መድን ላይ የተጻፈው ግን የቀድሞ ሚስቱ ስም ነበር። ከፊተኛው ትዳሩ የተወለዱት ልጆቹ ተከራከሩ፤ ግዛቱም ፍቺ ስሙን ይሽራል የሚል ሕግ ነበረው። ሆኖም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ መሥሪያ ቤት ጥቅሞች የወጣው የፌዴራል ሕግ ይበልጣል ብሎ ለቀድሞዋ ሚስት ፈረደ። ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018፣ ሰውዬው በግሉ በገዛው ፖሊሲ ላይ በተነሣ የሚኒሶታ ጉዳይ፣ የግዛቱን የፍቺ ሕግ አጽንቶ ለልጆቹ ፈረደ። በውጭ አገር ለሚኖሩ ዘመዶቻችሁ ይህን ንገሯቸው።

ምን እናድርግ?

1. የፍቺ ውሳኔውን ቅጂ ያዙ፤ ሽማግሌ ማስማማቱ ወይም ተለያይቶ መኖሩ ብቻ ፍቺ አይባልም፤ ፍቺ የሚጸናው በፍርድ ቤት ነው።

2. ፖሊሲውን አውጥታችሁ አንብቡ። ተጠቃሚን ስለ መለወጥ ምን ይላል? የቡድን መድን ከሆነ የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቁ። በግላችሁ የገባችሁት ከሆነ ሊማሊሞን ወጥታችሁ ጎንደር ድረስ ብትሄዱም ለውጡን በጽሑፍ አድርጉ፤ ማረጋገጫም ተቀበሉ።

3. የዕድራችሁንም መዝገብ አሳርሙ።

4. ልጆችን ስትጽፉ አስቡበት። አካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ፣ አንዱ ወላጅ ሲሞት በሕይወት ያለው ወላጅ አሳዳሪና ሞግዚት ይሆናል። ስለዚህ ለሕፃኑ የተጻፈውን ገንዘብ የምታስተዳድረው ወይም የሚያስተዳድረው ያው የቀድሞ የትዳር ጓደኛችሁ ሊሆን ይችላል። ይህን ከሕግ ባለሙያ ጋር ተመካከሩ።

ስሙን መለወጥ ግዴታ ነው አላልኩም። የልጆቻችሁን እናት ወይም አባት አምናችሁ ስሙ እንዲቀር ብትፈልጉ ይህም መልካም ነው። ብቻ አስባችሁበት የወሰናችሁት ይሁን፤ በመርሳት የቀረ አይሁን። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ስለ ቤተ ሰቡ የማያስብን ሰው አጥብቆ ይወቅሳል። ለቤተ ሰብ ማሰብ እህል ማቅረብ ብቻ አይደለም፤ ከእኛ በኋላ ልጆቻችን በፍርድ ቤት በር እንዳይንከራተቱ ወረቀታችንን ማስተካከልም ነው።

ጌታ ይባርካችሁ።