ሱቁ፣ ሞሉና የኪራይ ውሉ

የአሜሪካው ዎልማርት የደቡብ አፍሪካውን የችርቻሮ ኩባንያ የማስማርትን 51 በመቶ ድርሻ እንዲገዛ የአገሪቱ የንግድ ውድድር ዳኞች በ2011 እ.ኤ.አ. ፈቀዱ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። የኢኮኖሚ ልማት፣ የንግድና ኢንዱስትሪ እንዲሁም የግብርና ሚኒስትሮች ውሳኔውን ተቃውመው ፍርድ ቤት ሄዱ። የንግድ ሠራተኞች ማኅበሩም ይግባኝ አለ።

ስጋታቸው ግልጽ ነበር። ዎልማርት ከዓለም ዙሪያ በገፍ ገዝቶ በርካሽ ሲያራግፍ የአገሩ ፋብሪካና ገበሬ ገበያ ያጣል፤ ሠራተኛውም የመደራደር አቅሙ ይዳከማል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2012 ግዢውን አላገደም፤ ነገር ግን ከሥራ የተቀነሱ 503 ሠራተኞች እንዲመለሱ አዘዘ። የአገር ውስጥ አቅራቢዎች እንዴት ሊደገፉ እንደሚችሉ የሚያጠኑ ባለሙያዎችም ተሰየሙ፤ አንዱ የኖቤል ተሸላሚው ጆሴፍ ስቲግሊትዝ ነበሩ። በመጨረሻ ለአቅራቢዎች ማጠናከሪያ ገንዘብ እንዲመደብ ተወሰነ።

ይህ ሁሉ ክርክር በውጭው ኩባንያ ላይ ሲያተኩር፣ በአገሩ የበቀሉት ግዙፎች ብዙም አልተነኩም። ሾፕራይት በ1979 በአንድ ሚሊዮን ራንድ የተገዙ ስምንት መደብሮች ነበር፤ ዛሬ ከአፍሪካ ትልልቅ የችርቻሮ ኩባንያዎች ግንባር ቀደም ነው። ፒክ ኤን ፔይም በ1967 ከአራት መደብሮች ነው የተነሣው።

የጥቁሮቹ ሰፈሮች ታሪክ ግን ሌላ ነው። በአፓርታይድ ዘመን ጥቁር ነጋዴ በሰፈሩ ምን መሸጥ እንደሚችል እንኳ ሕግ ይገድበው ነበር። ከመኖሪያ ቤት አንድ ክፍል ተቆርሳ የተከፈተችው ሱቅ፣ ማለትም ስፓዛ፣ የተወለደችው በዚህ ጭቆና ውስጥ ነው። ከ1994 በኋላ ሞሎች ወደ ሰፈሮቹ ገቡ። በ2007 ሶዌቶ ውስጥ የማፖንያ ሞል ሲከፈት የመረቁት ኔልሰን ማንዴላ ነበሩ፤ የሞሉ መሥራች ሪቻርድ ማፖንያም በዚያ የክልከላ ዘመን ታግለው የነገዱ ጥቁር ባለሀብት ነበሩ። የሶዌቶ እናት ዱቄትና ዘይት ለመግዛት ለታክሲ ከፍላ መሀል ከተማ መሄዷ ቀረላት። ይህን ጥቅም መካድ ከእውነት መራቅ ነው።

ችግሩ ያለው ደንበኛ በማያየው ወረቀት ላይ ነው። ሞል የሚገነባ ባለሀብት ከባንክ ብድር ለማግኘት አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት በተከራይነት ማስፈረም አለበት። ሱፐርማርኬቱም ይህን ስለሚያውቅ በውሉ ውስጥ አንቀጽ ያስገባ ነበር፦ በዚህ ሞል ሌላ ሱፐርማርኬት አይከራይም፤ አንዳንዴም ሥጋ ቤት፣ ዳቦ ቤትና አትክልት ቤት ጭምር። እንዲህ ያለው ውል እየታደሰ ለአሥርተ ዓመታት ይዘልቅ ነበር። የአገሪቱ የውድድር ኮሚሽን የግሮሰሪ ገበያውን ለዓመታት መርምሮ በኖቬምበር 2019 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ይህ አሠራር እንዲቀር ጠየቀ። ሾፕራይት በ2020 ከኮሚሽኑ ጋር ተስማማ፤ ፒክ ኤን ፔይም ተከተለ።

ሁለተኛው የተሰወረ ነገር ቅናሽ ነው። ፋብሪካው ለትልቁ ሰንሰለት የሚሰጠው ተመላሽ ክፍያና የማስታወቂያ ድጎማ ለባለሱቁ ጅምላ አከፋፋይ በዚያው መጠን አይደርስም። ባለሱቁ በጅምላ የሚገዛበት ዋጋ በሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ላይ ካለው ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ሰነፍ ወይም ኋላ ቀር ብሎ መውቀስ ግፍ ነው።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ኢትዮጵያውያንን ይነካል። ከሐዲያና ከከምባታ የሄዱ ብዙ ወጣቶች በእነዚሁ ሰፈሮች፣ እነሱ «ሎኬሽን» በሚሉት፣ ሱቅ ከፍተው ይኖራሉ። ተሰባስበው በጅምላ ይገዛሉ፤ ማልደው ከፍተው አምሽተው ይዘጋሉ፤ በሞሉ አጠገብም መቆም የቻሉት በዚህ ነው። በ2008 እና በ2015 በመጤዎች ላይ ጥቃት ሲነሣ ግን ከተዘረፉት መካከል የእነሱና የሶማሌዎች ሱቆች ነበሩ። ሱቁ የተዘጋበት የሰፈሩ ሰው በዓይኑ የሚያየው ጎረቤቱን ሐበሻ ነው፤ የኪራይ ውሉንና የቅናሽ ስምምነቱን አያይም። ቁጣው ያረፈው ከሁሉም አቅመ ደካማ በሆነው ላይ ነው።

ኢትዮጵያ ራሷ ለዓመታት ለዜጎቿ ብቻ ተከልሎ የነበረውን የችርቻሮ ንግድ በ2024 ለውጭ ባለሀብቶች ከፍታለች። ፉክክር ዋጋ ካረጋጋ ሸማቹ ይጠቀማል፤ በኑሮ ውድነት ለተጎዳ ሕዝብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ግን ውሎቹን መመርመር የጀመረችው ብዙዎቹ ሞሎች ተሠርተው ካለቁ በኋላ ነው። ትልልቆቹ መደብሮች ገና ሳይስፋፉ፣ ሌላውን ነጋዴ የሚያገል የኪራይ ውል በሕግ ይከልከል፤ ለገበሬውና ለአነስተኛው አምራች የሚከፈልበት የጊዜ ገደብም ይቆረጥ። የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ይህን ሥራ ለነገ ሊያሳድረው አይገባም።