የድጓው አገር ልጆች ምን ይማራሉ?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ድምፅ አለ። ይኸውም ከብቱ ወደ በረት ሲገባ፣ ጢሱ ከየጣራው ሲወጣ፣ ከአጥር ውጭ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል የሕፃን ድምፅ ነው። ውሻው ይጮኻል፤ የቤቱ እመቤት ከምድጃው ዞር ብላ ልጇን «ውሻውን ያዝለት፤ ይህን ቁራሽ ስጠው» ትለዋለች። ልጁም ወጥቶ ይሰጣል። ሰጪውና ተቀባዩ ብዙ ጊዜ እኩዮች ናቸው፤ አንደኛው ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ ያነገተ፣ ሁለተኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ደብተሩን ከመደቡ ላይ ጥሎ የመጣ። በዚህ ጽሑፍ ልንናገር የፈለግነው ስለነዚህ ስለ ሁለቱ ልጆች ነው።

አስቀድመን ይህ አገር ለቤተ ክርስቲያናችን ምን እንደ ሆነ እናስታውስ። በሌላ አገር ድጓ ሲማር የኖረ ሰው ትምህርቱን ለማስመስከር፣ ማለት ወንበር ዘርግቶ ለማስተማር የሚያበቃውን ምስክር ለመቀበል፣ የሚመጣው ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ነው። ዝማሬንና መዋሥዕትን የሚሻ ደግሞ ወደ ዙር አምባ ይወጣል። ዝማሬ በቍርባን ጊዜ የሚዜም ሆኖ ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኮቴትና ምስጢር በሚባሉ አምስት ክፍሎች የተመደበ ነው፤ መዋሥዕት ግን ሙታን በሚሸኙበትና በሚታሰቡበት ጊዜ የሚባል ነው። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የደረሰው ይህ ዜማ፣ እንደሚነገረው በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ምልክት ተሠርቶለት፣ ከቃሉ በላይ በሚጻፉ ጥቃቅን ፊደላት፣ እንደ ይዘት፣ እንደ ድፋት፣ እንደ ርክርክ ባሉትም ምልክቶች እየተመራ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ነገር ግን ምልክቱ ለሚያውቀው ማስታወሻ ነው እንጂ ለማያውቀው መምህር አይሆንም፤ ዜማው ከአፍ ወደ ጆሮ ካልተላለፈ ብራናው ብቻውን ዝም ይላል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ወደ ቤተ ልሔም መጥቶ፣ በክብ የሣር ክዳን ሥር ተሰውሮ የቆመውን ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ተመልክቶ ለውጭው ዓለም አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኑን «አገኘው» እየተባለ ይነገርለታል። ድካሙን አንነቅፍም። ደበሎ ለባሹ ተማሪ ግን ከእርሱ በፊት ብዙ ዘመን መንገዱን ያለ መሪ ያውቀው እንደ ነበረ ለማስታወስ ያህል ነው።

እኛም በልጅነታችን በዚያው መንገድ ላይ ነበርን። ፊደል ቈጥረን፣ ከመልእክተ ዮሐንስ ወደ ወንጌል፣ ከወንጌል ወደ ዳዊት ተሸጋግረን፣ ጾመ ድጓ ለመማር ከእናታችን ቤት ስንወጣ ዐሥራ አንድ ዓመታችን ነበር። ቀን ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጠን አንዷን ገጽ ደጋግመን እናዜማለን፤ ሌሊት መብራት በሌለበት ጎጆ ታላላቆቻችን እየመሩን ያንኑ በቃላችን እንቀጽላለን። የሳተ ልምጭ ይቀምሳል። ስለዚያ ልምጭ ብዙዎች በናፍቆት ሲያወሩ እንሰማለን፤ እኛ ግን አንናፍቀውም። በእርሱ ምክንያት አንድ ሌሊት ጠፍቶ የሄደ ጓደኛ ነበረን፤ ድምፁም ከሁላችን ይበልጥ ነበር።

የምንናፍቀው ቁራሹን ነው። ከጉና ግርጌ የተገኘው የገብስ፣ ከቈላው የመጣው የማሽላ፣ በዓል ከዋለበት ቤት የወጣው የጤፍ ስለ ነበረ፣ የአገሩን አዝመራ ከአኩፋዳችን ማወቅ ይቻል ነበር። የተረፈውንም ፀሐይ ላይ አስጥተን ድርቆሽ እናደርገዋለን። ውሻም ነክሶን ያውቃል፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ ከባታችን ላይ አለ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ልጅ የሚመግበው አገር የጠገበ አገር አይደለም። መሬቱ ገደላማ፣ አፈሩም በጎርፍ የታጠበ ነው፤ የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ድጋፍ ከሚያስፈልጋቸው ወረዳዎች መካከል ተቈጥረዋል። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሶ ብዙ ቤተ ሰብ ተጐድቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሰንብተዋል። እንግዲህ እህሉን በድጋፍ የሚቀበል ቤት ከዚያው ላይ ቈርሶ፣ አባቱንና እናቱን ለማያውቀው ልጅ ይሰጣል ማለት ነው። በጋይንት ያስመሰከረ መምህር፣ ዛሬ በየትኛውም ደብር ቢያገለግል፣ ከዚህ መሶብ በልቷል።

የሰጪው ልጅስ ምን ይማራል? በሳምንቱ ቀናት ሒሳብና ሳይንስ ይማራል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበት ትምህርት ቤት ይሄዳል። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች በአንድ ሰበካ ጉባኤ ተቀምጠው እንዲመክሩ ከፈቀደ ወዲህ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ከከተማ አልፎ ወደ ገጠሩ አጥቢያ ገብቷል። አንዳንድ አረጋውያን «የከበሮ ጨዋታ ነው» ሲሉ ሰምተናል። እኛ በዚህ አንስማማም። በአብነት ትምህርት ቤት ስፍራ ያልነበራት ሴት ልጅ በዚህ ተቀምጣ ትማራለች፤ ትምህርቱ በአማርኛ ስለሚሰጥ ያልገባው ይጠይቃል። በእኛ ጊዜ መጠየቅ አልተለመደም ነበር፤ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃላችን ይዘን የአንዱን መስመር ትርጓሜ የማናውቅ ብዙዎች ነበርን።

ጕድለቱ በሌላ በኩል ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከእነዚህ ወረዳዎች ወደ አንዱ አጥቢያ ሄደን ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹ በአዳራሹ ተሰልፈው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው አዲስ መዝሙር አሰሙን። ድምፃቸው ያማረ ነበር፤ ዜማው ግን በካሴትና በስልክ ከከተማ የመጣ፣ የዓለም ዘፈን የሚሸት ነበር። ከአዳራሹ መስኮት ውጭ፣ ከወይራው ሥር፣ አንድ አረጋዊ መምህር ደቀ መዛሙርታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከመዘምራኑ መካከል ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናትን ልጅ ጠርተን፣ «እኒያ አባት ማን ናቸው?» ብለን ጠየቅናት። «ጋሼ፣ የሚለምኑት ልጆች የኔታ ናቸው» አለችን።

መልሷ እውነት ነው፤ ልጅቱም አልበደለችም። ያሳዘነን እኒህ ሰው የድጓ መምህር መሆናቸውን የነገራት አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ ለእኒህ መምህር ሲል የብዙ ቀን መንገድ በእግሩ ይመጣል፤ የአጥቢያው ልጅ ግን ከመስኮቱ ማዶ ተቀምጦ የከተማ ዜማ ያጠናል። ወላጁም ቁራሹን ሰጥቶ ትምህርቱን ሳይቀበል ይቀራል።

ከሰበካ ጉባኤው አባላትና ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ጋር በዚያው ምሳ ላይ ተነጋገርን። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ስለሚያስተምር፣ ልጁ የቀረውን ግማሽ ቀን ከየኔታ ዘንድ ፊደልና ዳዊት ቢማር አንዱ ትምህርት ሌላውን አያስቀርም። እኛ ራሳችን ሁለቱን አጣምረን ነው መምህር የሆንነው። አንድ አባት ግን ተነሥተው፣ «ድጓ የተማረ ልጅ የክፍል ውጤት ወረቀት የለውም፤ ነገ ምን ይበላል?» አሉ። ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም፤ የአብነት መምህሩም ቢሆን ደመወዝ ሳይኖራቸው የሚያስተምሩ ናቸውና። ለእኒህ አባት የሰጠነው መልስ ልጅዎ ድጓ ይዝለቅ የሚል ሳይሆን፣ ልጅዎ በአጥቢያው የሚዜመውን ይወቅ የሚል ነበር። ለመምህሩም ቀለብ ሰበካው እንዲያስብ ጠየቅን፤ ይህን ግን ገና አልጨረሱትም።

ሌላ ሰው ስለ ሴቶቹ ጠየቀ። በጎጃም ጽላሎ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ ከአባታቸው ተምረው ወንበር ዘርግተው ማስተማራቸውን ስንነግረው ዝም አለ።

በስብሰባው ከተገኘው ሁሉ ልባችንን የነካው የወጣቶቹ አሳብ ነው። ትንንሾቹ ተማሪዎች በውሻ እንዳይነከሱ፣ እኛ ከየቤቱ ሰብስበን እናድርስላቸው አሉ። ለቡሄ ሁላቸውም በየደጁ ዞረው ሙልሙል የተቀበሉ ናቸውና፣ ከሰው ደጅ መቆም ምን እንደ ሆነ ጥቂት ያውቁታል። የኔታ ግን ይህን በሰሙ ጊዜ ወዲያው አልተቀበሉም። «ልጄ፣ ተማሪ የለመነበትን ቤት እስኪሞት አይረሳም፤ ለዚያ ቤት ሲጸልይ ይኖራል። መሶቡ ካለበት ከመጣለት ግን ማንን ያውቃል?» አሉን። እኛም የሰጡንን እናቶች ፊት አንድ በአንድ እናስታውሳለንና መልስ አጣን።

በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፤ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በታች ያሉት ለልመና አይወጡም፤ ለእነርሱ የሰንበት ተማሪዎቹ ቅዳሜና ረቡዕ መሶብ ያደርሳሉ፤ ሲያደርሱም ቁራሹ ከየማን ቤት እንደ ወጣ ስመ ክርስትናውን ይናገራሉ፤ ተማሪዎቹም ያን ስም በማታ ጸሎት ያነሣሉ። ታላላቆቹ እንደ ጥንቱ በየደጁ ይሄዳሉ። የኔታም በበኩላቸው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰዓት በአዳራሹ ተቀምጠው የውዳሴ ማርያምን ዜማ ለሚሻ ሁሉ ለማስተማር ፈቀዱ፤ ልምጭ ይዘው እንዳይመጡ ግን በትሕትና ለመንናቸው፤ ሣቁብን።

ዳግመኛ በሄድን ጊዜ ያች ልጅ ከፊት መደብ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ተራዋ ደርሶ አዜመች፤ እኛም በልባችን እየተከተልናት ደኅና ወጣችው ብለን ነበር። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው እስክትጨርስ ጠበቋትና፣ «ርክርኩን ዘልላዋለች፤ በሚመጣው እሑድ ከዚያው ትጀምር» አሉ።